አባ የሚበሉበት ቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አባ ሆቴል አልገባም አሉ። ያቀድኩት ሁሉ በአንድ ቃል ፈረሰ።

ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ስንነሣ፣ ገና ቡሬ ሳንደርስ፣ ደብተሬን አውጥቼ ነበር። ባሕር ዳር አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ከኔ በላይ ማን ያውቃታል ብዬ።

መብያ፦ ጣና ዳር ያለችው ዓሣ ቤት። ጠዋት ጠዋት ፉል።
ማደሪያ፦ ፔንሲዮኑ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐይቁ ይታያል።
መዞሪያ፦ የዘንባባው መንገድ፣ የዓባይ ድልድይ።

"ሐይቁ ይታያል" ማለቴ አሁን ያሳፍረኛል። አባቴ ቄስ ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ፣ ከማንኩሳ ማዶ ባለው ደብራቸው መጽሐፍ ማንበብ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል። የመጣነውም ሐሙስ የአንዱ ዓይናቸው ሞራ በኦፕራሲዮን እንዲገፈፍ ነው።

ዓሣ ቤቱ በር ላይ ቆመው ቀሩ። "ካህን ሆቴል ተቀምጦ ሲጎርስ የታየ እንደሆን፣ ነገ የማን የንስሐ አባት እሆናለሁ?" አሉ። እዚህ ማን ያውቅዎታል ብላቸው፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ቆረጠሙ። ተናደድኩ። እኔም ሳልበላ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ 12

የፔንሲዮኑ አልጋ ላይ አልተኙም። ማን እንደተኛበት አይታወቅም ብለው ጋቢያቸውን መሬት ላይ አንጥፈው አደሩ።

ከተማዋን ግን ወደዷት። ጥያቄያቸው አያልቅም። የዘንባባውን ግንድ እየዳሰሱ፣ ይህ ሁሉ ለሆሳዕና ይቆረጣል ወይ አሉኝ። ለውበት ነው ስላቸው ገረማቸው። ድልድዩ ላይ አማትበው፣ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። አራት ዓመት ተመላልሼበት፣ ለመመለስ ጎንበስ ብዬ ማየት ነበረብኝ።

ከሰዓት ሆስፒታል ምርመራ፤ እስካሁን ከቆሎ በቀር አልቀመሱም። ነርሷ የደም ግፊታቸውን ለካች፤ ወርዷል፤ ፊቷ ተለወጠ። በጣም ደክመዋል፣ ሐሙስ ጠዋት እንደገና እለካቸዋለሁ፣ እንዲህ ከሆኑ አይሠራላቸውም፣ የሚቀጥለው ተራ ደግሞ ከወራት በኋላ ነው አለች። አባ እንግዲያ እንመለስ አሉ፣ ቀለል አድርገው።

ፈራሁ። አሁን ከተመለሱ ዳግመኛ እንደማይመጡ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ 13

ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ከዘጠኝ በኋላስ?

ፔንሲዮኑ ውስጥ ትቻቸው ወጣሁ። ከገጠር የሚመጡ ካህናት እዚህ ከተማ የት ይበላሉ? አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ዘበኛውን ጠየቅሁት። እማሆይ ዘንድ ነዋ አለኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ሁሉ።

ከቅጥሩ ጀርባ ያለ፣ ታፔላ የሌለው የጭቃ ቤት። ተማሪ እያለሁ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ስሄድ በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! እማሆይ የቡሬ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሥጋ ገብቶበት አያውቅም፤ መንገደኛ ካህን ያበላሉ፣ ያሳድራሉ። ታሪኩን ነገርኳቸው።

"ለመሆኑ አንቺ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ካህን የት አስቀምጠሽ ነው?" አሉኝ።

በዘጠኝ ሰዓት አባ እጃቸውን ታጥበው፣ ካህናት ሳይታዩ ከሚበሉበት መጋረጃ ጀርባ ገቡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አዳመጥኩ። ሽሮው ሁለት ጊዜ ተጨመረ። እዚያ ካገኟቸው ሁለት ቄሶች ጋር ስለ ደብር ሲጨዋወቱ ሳቁ፤ ከኔ ጋር እንዲህ ስቀው አያውቁም። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ። እዚያው አደሩ።

ሐሙስ፣ 14

ግፊታቸው ተስተካክሏል! ገቡ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወጡ። ዓይናቸው ታሽጓል፤ ነገ ይገለጣል። ሐኪሙ ተስፋ ሰጠን እንጂ ያያሉ ብሎ አልማለም። እራቴን ሳልበላ አደርኩ።

ዓርብ፣ 15

ፋሻው ተነሣ። ነርሷ ጣቶቿን አሳየቻቸው። ሦስት አሉ። ልክ ነው።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ፊቴን በደንብ ካዩት ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል? አዩኝ፣ አዩኝ።

"ከስተሻል" አሉ። "አንቺስ የት ነው የምትበዪው?"

ፍኖተ ሰላም ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ቁርሴን ቆሜ፣ ምሳዬን መምህራን ክፍል በሻይ፣ እራቴን ሲያሻኝ። በስልክ ሁልጊዜ ደህና በላሁ ነበር የምላቸው፤ ድምፄን ብቻ ነበር የሚያውቁት። ነርሷ ፊት አለቀስኩ።

ሁለተኛው ዓይን መቼ እንደሚሠራ አልታወቀም። ስንወጣ እጄን ያዙና ወደ እማሆይ ቤት መሩኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳቱ። ዛሬም ጾም ነው። ይህን የምጽፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው፤ አጠገቤ ናቸው፤ ሁለታችንም ርቦናል፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው።