ሦስተኛ ማዕረግ፣ በመስኮት በኩል

ጥር 6፣ እሑድ

ካፊያው ቀኑን ሙሉ አላባራም። ባለቤቴ የመመገቢያ ጠረጴዛውን ግማሽ ለቀቀችልኝ። ግማሹን ብቻ! ድንበሩ ላይ የጨው ዕቃውን አስቀምጣ፣ «ከዚህ ካለፍክ ከነባቡርህ በረንዳ ትወጣለህ» አለች። እሺ አልኩ። ምን ምርጫ አለኝ?

ትናንት የገዛሁትን ፉርጎ ከካርቶኑ አወጣሁት። ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ። ርዝመቱ ስንዝር ቢሆን ነው። አንደኛ ማዕረግ። ቀይ ወንበር፣ መጋረጃ፣ የጠረጴዛ መብራት ሳይቀር። ሲያምር! እኔ ግን የምፈልገው ሦስተኛ ማዕረግ ነው። እሱን ደግሞ ማንም አይሠራም። ባለ ሱቁ ሳቀብኝ፤ «ጌታው፣ የድሃ ፉርጎ ማን ይገዛኛል?» አለ። ስለዚህ ሀብታሙን ገዝቼ አደኸየዋለሁ።

ውስጡ የተቀመጡትን ስድስት መንገደኞች በወረንጦ ነቀልኳቸው። ጥፍሬን አያህሉም። አንዱ ባርኔጣ አድርጓል፣ ደልደል ያለ ሰውዬ። ለኛ ፉርጎ አይሆኑም። የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳቸው።

ከዚህ በፊት ስድስት ሰባት ፉርጎ ቀይሬያለሁ። የሻንጣውን ወደ ፖስታ፣ የምግቡን ወደ መኝታ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። የኛ ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እትዬ አሥራ ሁለት፣ እናታችን ከሁለት ሻንጣ ጋር። አባታችንን ትተን ከዚያ ከተማ የወጣንበት። ሊሸኘን ያልመጣበት።

ይህን የመጨረሻውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም። ለእትዬም። ምን ብዬ?


ጥር 9፣ ረቡዕ

እትዬን ወደ ዓይን ሐኪሙ ወሰድኳት። ግራው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። አሁን ቀኙ ላይ የዓይን ግፊቱ ወጥቷል። ቀዶ ጥገናው የካቲት 14።

ሐኪሙ አልሸፋፈነም። ከተሳካ ያላት ብርሃን ባለበት ይቆያል። ካልተሳካ እሱም ይሄዳል አለ። እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሠላሳ ዓመት ስልክ ስታገናኝበት በነበረው ድምፅ፣ «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» አለችው። መስመር እንደምትዘጋ።

መንገድ ላይ እጄን ይዛ፣ «ያ ፉርጎ መቼ ያልቃል?» አለችኝ።

«ገና እሑድ ጀመርኩት፣ እትዬ።»

«ከአሥራ አራት በፊት ጨርስልኝ። ልየው።»

አምስት ሳምንት። ሌላው ፉርጎ አምስት ወር ነበር የፈጀብኝ። እጨርሳለሁ አልኳት። አፌ ቀደመኝ።


ጥር 13፣ እሑድ

እትዬ መጣች። ጨው ዕቃው አጠገብ አስቀምጬ ጠየቅኳት፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታስታውሳለች።

አግዳሚው እንጨት ነው። ፊት ለፊት የሚተያይ። በመሃሉ ክፍተት አለው፤ ቂጥ ይቆነጥጣል። (ባለቤቴ ሳቀች። እትዬ ግን ኮስተር ብላ፣ «ጻፈው እንጂ!» አለች።) ከራስ በላይ የዕቃ መረብ። በሩ አጠገብ ቀይ እጀታ፣ እናታችን «የነካ እጁ ይቆረጣል» ያለችን።

ቀለሙ ላይ ተጣላን። እኔ አረንጓዴ። እሷ ቡኒ።

«አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ ምን ታውቃለህ?»

«አረንጓዴ ነው ስልሽ!»

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እሷ ፊት ግን ያው ሰባት ላይ ነኝ። በኋላ ስንረጋጋ ነገሩ ወጣ። እሷ የምትለው ውጪውን ነው፣ እኔ ውስጡን። አንድ ፉርጎ፣ ሁለታችንም ትክክል። እሷ ለመሳፈር ስትሮጥ ውጪውን አየች። እኔ ከገባሁ በኋላ ነው ቀና ያልኩት መሰለኝ።


ጥር 17፣ ሐሙስ

ቀዩን ወንበር በሙሉ ሞርጄ አወጣሁት። መጋረጃውን ፋቅኩ። ባዶ ሆነ… ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ በአንደኛው ጫፍ ወደ ውስጥ አየሁ። ረጅም አዳራሽ። በመስኮቶቹ የቤታችን ብርሃን ገብቷል። እያየሁ ቆየሁ፣ ቆየሁ… የሆነ ጊዜ ላይ እኔ አነስኩ ወይስ እሱ ተለቀ? ባለቤቴ ስትጠራኝ ጉንጬ ላይ የጠረጴዛው ልብስ ታትሞ ነበር።


ጥር 22፣ ማክሰኞ

የምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታ። እንደኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመሥራት የተሻለ ለዚህ ሙያ የሚያሰለጥን የለም። የበሩን መያዣ ጥርስ በምናቀናበት ሽቦ ሠራሁት። የዕቃውን መረብ ደግሞ ከቁስል ፋሻ፣ በቀለም አደድሬ። የጥርስ ሐኪሟ ገብታ ከጄሶው ጥርሶች መሃል ሽቦዬን አንስታ፣ «ይሄ የማን አፍ ነው?» አለች።

«የባቡር።»

«እሺ፣ ሲነክስህ እንዳትመጣ» ብላ ወጣች።

አግዳሚዎቹ አለቁ። ከክብሪት እንጨት፣ አሥራ ስድስት። ክፍተታቸውም አለ፣ እትዬ እንዳለችው።


ጥር 27፣ እሑድ

እናታችንን ሠራኋት። ከሌላ መንገደኛ ላይ እጅ ቆርጬ፣ ነጠላውን በቀጭን ወረቀት። እትዬ ከመስኮቱ አጠገብ፣ እኔ ፊት ለፊቷ፣ በዚያው ወገን ባለው ሌላ መስኮት። የራሴን አንገት ወደ ውስጥ አዞርኩት። አኩርፌ ነበር፤ ያ ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብዬ ወደ መሳፈሪያው አየሁ። ማንም የለም። ነጭ፣ ባዶ።

መሳፈሪያውን ከካርቶን ሠርቻለሁ። አንድ ምሰሶ፣ አንድ የዕቃ ሚዛን። ሰው አላቆምኩበትም። አልነበረማ!

አባባ የሞተ ጊዜ ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። ለእትዬ «ሥራ አላስወጣ አለኝ» አልኳት። ውሸቴን ነው። የዚያን ቀን የሠራሁት አንድ ጥርስ ብቻ ነበር፣ እሱም ተበላሽቶ ደገምኩት። ያን ጠዋት ለአንድ ሰዓት መጥቶ እጁን ቢያወዛውዝልን ምን ነበረበት? ምን ይጎድልበት ነበር? ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ። ሰው አይሰለቸውም?


የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ሕልም አየሁ። ፉርጎው ውስጥ ነኝ። አግዳሚው የክብሪት ሽታ አለው። ሁሉም አረንጓዴ። ውጪ የሚያልፈው ግን አገር አይደለም… የጠረጴዛችን ልብስ ነው፣ አበባ አበባው፣ እንደ ማሳ ሰፍቶ። ጨው ዕቃው ከሩቅ እንደ ግንብ ቆሟል። ቲኬት ቆራጩ መጥቶ፣ «ከጨው በኋላ መሄድ አይቻልም» አለኝ። የባለቤቴ ድምፅ ነበረው።

ነገርኳት። እየሳቀች ጨው ዕቃውን አንድ ጣት ገፋ አደረገችልኝ። አንድ ጣት።


የካቲት 10፣ ቅዳሜ

መስኮት ብቻ ቀረኝ። አራት ቀን አለኝ። ቀጭኑን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ አሥራ ስድስት ቦታ ቆርጬ ከውስጥ ለጠፍኩ። ለመስኮት የምጠቀመው ነጩ ኮላ ነው፤ እሱ ግን ለመድረቅ ቀን ይፈልጋል፣ እየተንሸራተተም አስቸገረኝ። በሱፐር ግሉ ያዝኩት። ጠብ፣ ጠብ፣ አለቀ። ጣሪያውን ገጥሜበት ተኛሁ።

እሰይ! ቀደምኩ።


የካቲት 11፣ እሑድ

ጉድ ሆንኩ።

ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ላየው ሄድኩ። መስኮቶቹ ሁሉ ነጭ! አንዱም ሳይቀር። የሱፐር ግሉ ትነት በተዘጋው ጣሪያ ስር ታፍኖ ሌሊቱን በሙሉ ፕላስቲኩ ላይ ተጋግሯል። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። እኔ ራሴ ባለ ሱቁ ቤት ለስንቱ ሰው ስመክር የኖርኩት ነገር ነው… «መስኮትን በሱፐር ግሉ? ኧረ በስማም!» እያልኩ።

ከውጪ ብፈትግ አይሆን፤ ነጩ ከውስጥ ነው። አግዳሚው፣ እናቴ፣ እትዬ፣ እኔ፣ ሁላችንም ከወለሉ ጋር ተጣብቀናል። ሁሉን አውጥቶ መስኮት ለመቀየር ሁለት ሳምንት።

ዓይኗ ሳይሸፈን ልታየው የፈለገች ሴት፣ ዓይኑ የጠፋ ባቡር ላሳያት? አለቀስኩ። ለአሻንጉሊት አለቀሰ ይበሉኝ። ባለቤቴ ምንም ሳትቀልድ ሻይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ያ የባሰ ሆድ አስባሰኝ።


የካቲት 12፣ ሰኞ

ለእትዬ ደወልኩ። አላለቀም አልኳት።

«እንዳለ አየዋለሁ።»

«ተበላሽቷል፣ እትዬ።»

«እኔስ ተበላሽቼ የለ? ነገ እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው። ከስልክ ሠራተኛ ጋር ክርክር አይቻልም።


የካቲት 13፣ ማክሰኞ

መጣች። ሻርፏን ሳታወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ማጉያ መነጽሬን ሰጠኋት። ቀኝ ዓይኗን አስጠግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ደረጃውን፣ የበሩን መያዣ፣ ቡኒውን ቀለም። ቀይዋን እጀታ በተከፈተው በር አግኝታ ፈገግ አለች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እንዴት ትዝ አለህ?»

«ምኑ?»

«ጉሙ ነዋ! ያን ቀን ጠዋት እንዲህ ነበር እኮ። ውጪው ብርድ፣ ፉርጎው ጢም ያለ፣ የሰዉ ትንፋሽ… መስኮቱ ሁሉ ነጭ። እኔማ በሹራቤ እጅጌ ጠርጌ ነው አባባን ያየሁት።»

ክው አልኩ። ምን አልሽ? አልኳት መሰለኝ።

«አባባን ነዋ። ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ። እማማ እንዳታየው ነው መሰል ምሰሶውን ተከልሎ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ። እጄን አነሳሁለት፣ እሱም ባርኔጣውን አነሳልኝ። ባቡሩ ከወጣ በኋላም ቆሞ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያየኸው መስሎኛ! መስኮት ይዘህ ተቀምጠህ የለ?»

ይዤ ነበር። ዞር ብዬም አይቼ ነበር። ነጭ፣ ባዶ። ባዶ ያልኩት መሳፈሪያውን አልነበረም ማለት ነው… መስታወቱን ነው ያየሁት። ጠርጌ አላየሁም። አኩርፌ ነበራ።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ሁሉን ነገርኳት። ቀብሩን፣ ያችን አንድ ጥርስ፣ ውሸቴን። እትዬ እንደ ድሮው ጆሮዬን ያዝ አድርጋ፣ «አንተ ሞኝ ልጅ» አለች። «አንተ ሞኝ ልጅ… እኔም ሞኝ።»

ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። ውሃ ከፈተች፣ እንዳናፍር።


የካቲት 14፣ ረቡዕ

ሦስት ሰዓት ላይ ገባች፣ አምስት ሰዓት ተኩል ወጣች። ዓይኗ ተሸፍኖላታል። ሐኪሙ «እንጠብቅ» አለ።


የካቲት 18፣ እሑድ

የክብሪት ቀፎውን ከፈትኩ። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ የኖረ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ቆርጬ እግሩን አቃናሁለት። ደልዳላነቱን በሞረድ ቀነስኩ። የኛ ከሲታ ነበር። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ በምላጭ አነሳሁ። እጁ ላይ ልለጥፈው ስል አራት ጊዜ ወደቀብኝ፣ አንዴም ምንጣፉ ላይ ተንበርክከን ከባለቤቴ ጋር ባትሪ ይዘን ፈለግነው። «ባርኔጣ የሚፈልጉ ባልና ሚስት» አለች። አገኘችው እሷ። ቀኝ እጁ ላይ አስያዝኩት።


መጋቢት 2፣ እሑድ

ሐኪሙ ትናንት ግፊቱ ወርዷል አለ። ብርሃኗ ባለበት ይቆያል! ለጥቂት ሳምንት ግን ይደበዝዝባታል። ዛሬ ይዣት መጣሁ፤ ደረጃውን በእግሯ እየዳሰሰች ወጣች።

ጨው ዕቃው ጠረጴዛው ላይ የለም። ባለቤቴን አየኋት። «መሳፈሪያው ቦታ አይበቃውም ብዬ ነው» አለች፣ ወደ ሌላ እያየች።

ጣሪያውን አነሳሁ። ደግነቱ እሱን አላጣበቅኩትም፤ መስኮቱን ሁሉ ማጽዳት ባይቻልም ትንሽ ክብ ይወጣዋል። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ዘይት ነካ አድርጌ፣ እጄን በእናቴና በእትዬ መሃል አሾልኬ ጠረግሁ። መጀመሪያ የእትዬን መስኮት፣ ትንሽ ክብ ብቻ፣ በእጅጌ የተጠረገ የሚመስል። ቀጥሎ የራሴን። ሌሎቹን አሥራ አራት ከነጉማቸው ተውኳቸው። እንደዚያ ነበሩ።

ሰውየውን ሚዛኑ አጠገብ አቆምኩት።

እትዬ ጎንበስ ብላ ሞከረች። ቀና አለች። «ለኔ ሁሉም ጉም ነው ገና። አንተ እይልኝ።»

ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ። ከዚያኛው ወገን፣ በተከፈተው በር ፉርጎውን አቋርጬ፣ በአረንጓዴው በኩል፣ በአግዳሚው በላይ፣ በዚያ ባኮረፈ ትንሽ ልጅ ትከሻ በኩል…

«ቆሟል?» አለችኝ።

«ቆሟል።»

«ባርኔጣውስ?»

«በእጁ ነው።»

እጄን አነሳሁለት። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ።