ሁለቱ የልደት ዓመቶቼ

ደመቀች፣

ቁልፉን ለአከራያችን ለእመት ወለተ ሥላሴ ሰጥቻለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ። ጋቢሽን ሳላስፈቅድሽ ወሰድኩት፤ ውጪው ውርጭ ነው።

አዲስ አበባ መሄዴ ነው።

ትናንት አንቺ ክሊኒክ ሥራ ላይ ሳለሽ አባዬ ከአንኮበር መጡ። ትምህርት ቤት ስገባ አጎቴ ሁለት ዓመት ጨምሮ እንዳስመዘገበኝ ታውቂያለሽ። በዚያ ወረቀት አሥራ ዘጠኝ ነኝ፤ አባዬ በጻፉት የክርስትና ወረቀት ግን አሥራ ሰባት። ሁለቱ ካልተስማሙ ፓስፖርት እንደማይሰጠኝ ነግሬ፣ የክርስትናውን እንዲለውጡልኝ ለመንኳቸው። አንቺም የመከርሽኝ ይህንኑ ነበር።



እሳቸውም፣ «ልጄ፣ እኔው ነኝ ያጠመቅሁሽ። አንድ ጊዜ ደግመሽ ከለመንሽኝ ግን እጽፍልሻለሁ» አሉኝ።

ደግሜ አልለመንኳቸውም። እግራቸውን አጥቤ አስተኛኋቸው፤ ዛሬ ጠዋት መኪና ላይ አሳፈርኳቸው።

እኔም የትምህርት ቤቱን ወረቀት ላሳርም ነው የምሄደው። አሥራ ስምንት ያልሞላት ለነርስነት ትምህርት ቤይሩት አትላክም። ስለዚህ ቦታው ለተጠባባቂዋ፣ ለአንቺ ይሆናል።

ስትጠሪ ሂጂ። ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ።

አንድ ነገር ብቻ። የፓስፖርቱ ጸሐፊ ገና ስገባ፣ «አባትሽ አንኮበር ቄስ ናቸው አይደል? የክርስትናሽን ወረቀት አምጪ» ብሎኝ ነበር። የአባዬን ነገር ከአንቺ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እኔ አልጠይቅሽም። ከመሄድሽ በፊት ግን አንቺው ንገሪኝ።

ለተጊዮርጊስ