ጋቢናው ያንቺ ነው

ውድ እትዬ፣

ትናንት በስልክ «ደህና ነኝ እኮ፣ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?» ስትይኝ ደህና አለመሆንሽን አወቅሁ። ደህና ስትሆኚ ትቆጪኛለሽ እንጂ አታባብይኝም። እኔ ደህና ነኝ። ስፌት ቤታችንም ደህና ነው፤ መቀስሽን ማንም አልነካውም፣ ወረቀት የቆረጠበትም የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ የጀመርኩትን ነገር ሁሉ «ተይ እስቲ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ ግን ተናደሽ ብታጥፊው እንኳ ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ። አውቅሻለሁ።

ነገሩ ይኸውልሽ፦ መኪና አዝዣለሁ። አዲስ መኪና፣ ከነዊልቸርሽ የምትገቢበት።

አሁን ተቆጪ። እጠብቅሻለሁ።

ጨረስሽ? እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያው የወሰድንሽን ቀን አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። አሮጊቷ መኪናችን በሯ ጠባብ፣ ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው። አስታማሚዎቹ አንዱ በብብትሽ፣ አንዱ በጉልበትሽ ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው ሲያነሱሽ ቀሚስሽ ተሰብስቦ ወደ ላይ ወጣ። ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ቀሚስ ጫፍ ስታስተካክይ የኖርሽው እህቴ፣ የራስሽን ቀሚስ ለማውረድ እጅሽ አልደረሰም። እኔ አወረድኩልሽ። መንገዱን ሙሉ ትንፍሽ አላልሽም። ስንደርስ ብቻ «ከእንግዲህ እንደ ጆንያ እየተጫንኩ አልመላለስም» አልሽኝ።

የንዴት ቃል መስሎኝ ነበር። ለካ ቁርጥ ውሳኔ ኖሯል! ኃላፊዋ ነርስ ደውላ «እህትዎ ወደ ቤት አልመለስም፣ እዚሁ ቋሚ ክፍል ይሰጠኝ ብለዋል፤ በቅርቡ ይፈርማሉ» ስትለኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ የደንበኛ ጨርቅ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ አንቺን ብጠይቅሽ «ሸክም አልሆንብሽም» አልሽና ዘጋሽው። በማግስቱ መኪና መሸጫው ገና በሩን ሳይከፍት እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ነበር።

ሻጩ ልጅ እግር ነው፤ ክራቫቱ ተጣምሞ ስላስቸገረኝ ሳላስፈቅደው አቃናሁለት። ከኋላ መወጣጫ ተዘርግቶ ዊልቸር ቀጥ ብሎ የሚገባበትን መኪና አሳየኝ። የውስጡ ከፍታ የተጻፈበትን ወረቀትም ሰጠኝ። «እህትዎን ያምጧቸውና እንለካቸው» ቢለኝ ስቄ፣ «የእህቴን ልክ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በእንቅልፌ ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው። ትከሻሽን፣ ጀርባሽን፣ ወገብሽን በቃሌ አውቀዋለሁ። የዊልቸርሽን ከፍታ ወሰድኩ፣ ጀርባሽን ጨመርኩበት፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁት። ሰፊ ነው! ቀብድ ከፍዬ፣ ፈርሜ፣ እየዘፈንኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጥሩ ጨርቅ ከቆረጥን በኋላ ሆድ ውስጥ የሚገባው ነገር ትዝ ይልሻል? መቀሱ ከሄደ ወዲያ «ምነው ባልቆረጥኩት» የሚያሰኘው? እሱ ያዘኝ። ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ብላ አቅፋኝ ሳትለቀኝ «ግን በዚህ ጊዜ?» አለችኝ። ቁልፍና ዚፕ የሚያመጣልን ነጋዴ ደግሞ «አዲስ መኪና አዲስ የሚባለው ከመሸጫው በር እስኪወጣ ነው» ብሎኝ ሄደ። ለሱ ምን አለበት! እኔ ግን ምግብ አልበላ አለኝ። ባይመቻትስ? ባትገባበትስ? ደግሞ መኪናውን ገዝቼ አንቺ አልመጣም ብትይስ?

አንድ ከሰዓት በኋላ የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮስኩ ሳለ እጄ ቀጥ አለ። ኮሌታ። ከኮሌታው በላይስ?

እትዬ፣ ጭንቅላትሽን ረስቼዋለሁ!

አትሳቂ። ልብስ ሰፊ ከአንገት በላይ ምን ይለካል? አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፣ ልኬት ኮሌታ ላይ ነው የሚያልቀው። ያን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ ያዘዝኩት መኪና አንገቷ ላይ ለምታልቅ ሴት ኖሯል። ይህን እያሰብኩ ካውያው የሰው ሸሚዝ አቃጠለ፤ የማን እንደሆነ አልነግርሽም፣ ተክቼለታለሁ።

«አሥር ጊዜ ለኪ፣ አንድ ጊዜ ቁረጪ» ትዪኝ አልነበር? እኔ አንዴ ለክቼ አንዴ ቆረጥኩ። ምን ላድርግ ብዬ ዙሪያዬን ሳይ እሜቴ ዝምታ ጥግዋን ይዛ ቆማለች። በራስሽ ልክ ያሠራሻት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት፣ «ሳታጉረመርም የምትለካ ብቸኛዋ ሴት» ብለሽ ስም ያወጣሽላት። ከመቆሚያዋ ነቅዬ፣ ጥጉ ላይ ካለው ክሊኒክ በተዋስኩት ዊልቸር ላይ ሳስቀምጣት አንቺን ቁጭ አለች። እሷም ግን ጭንቅላት የላትም! ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስታይ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሄዳ የዊግ ማሳያ ጭንቅላት ከነቀይ ዊጉ ይዛ መጣች። በመለኪያ ሜትሬ አስረን፣ ሻርፕ ጣል አድርገንላት፣ ግራና ቀኝ ይዘናት ወጣን።

መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ገለል ይልልናል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሏት። ፀጉር ሠሪዋ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «አሜን አባባ» ብላ መለሰችላት። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከታመምሽ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ሻጩ በሩ ላይ ሲያየን ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለአሻንጉሊቷ «እንኳን ደህና መጡ እትዬ» አላት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኩት። ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን መኪና አስወጣልን፣ ቴክኒሻኑም መጥቶ መወጣጫውን ዘረጋ። እሜቴ ዝምታን ገፍተን አስገባናት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከዊጉ እስከ ጣሪያው መዳፌን ዘርግቼ ማስገባት እችላለሁ። ተመስገን! ፀጉር ሠሪዋ «ፀጉሯን ከፍ አድርጌ ብሠራላትም ይበቃታል» ብላ ፈረደች። ስህተቴን መኪናው ማረኝ።

እዚያው ላይ ቢያልቅ ደብዳቤውም ባጠረ። ቴክኒሻኑ ግን ዊልቸሩን በማሰሪያዎቹ ጠፍንጎ ካሰረ በኋላ መኪናውን መታ መታ አደረገና «አይዞዎት እናቴ፣ ጭነቱ ንቅንቅ አይልም!» አለኝ።

ልጁ ክፉ አልነበረም። የሥራ አፉ ነው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን የሰማሁት «እንደ ጆንያ» ያልሽውን ነው። ልኩ ሁሉ ደርሶ ሳለ ልቤ እንደገና ሸሸ። እሜቴ ዝምታን አስወርጄ ዊልቸሩ ላይ እኔው ተቀመጥኩና «ወስዳችሁ አዙሩኝ» አልኳቸው። ተያዩ። ፀጉር ሠሪዋ «ካለች አለች ነው፣ ንዱ» አለቻቸው።

እትዬ፣ ከዚያ ወንበር ላይ የሚታየው የነጂው ማጅራት ነው። መስኮቱ የዓይንን ልክ አልያዘም፤ የቤቶቹ እግር እንጂ ጣሪያቸው አይታይም። መንገዱን ካለፍነው በኋላ ነው የማየው። ሻጩ ከፊት የሆነ ነገር ይለኛል፣ እኔ «ምን አልክ?» እላለሁ፣ እሱ ደግሞ «ምን አሉኝ?» ይላል። ቴክኒሻኑና እሱ ሲሳሳቁ ምን እንዳሳቃቸው አላወቅሁም። ትንሽ ቆይቼ መጠየቁን ተውኩት። አንድ ዙር ሳንጨርስ ዝም ያልኩ አሮጊት ሆንኩ።

ብስክሌትሽ ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው።

እናታችን ከሞተች በኋላ፣ አንቺ ራስሽ ገና ሳትጠነክሪ፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሽኝ በዚያች ብስክሌት ነበር። ከጨርቅ ቁርጥራጭ ትንሽ ትራስ ሰፍተሽ የፊቱ ብረት ላይ አስረሽልኛል። የሰፋሽው ልብስ ተጠቅልሎ ከኋላ ይታሰራል፣ እኔ ከፊት። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩት አናጢ «ልጅቷን ከኋላ፣ ዕቃውን ከፊት ብታደርጊው አይቀልሽም ወይ?» ብለው ሲመክሩሽ የመለስሽላቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ከኋላ የሚሄደው ዕቃ ነው ጋሼ። ልጅቷ መንገዱን ትይ።»

አየሁት እትዬ። መንገዱን ሁሉ ካንቺ እጆች መሀል ሆኜ አየሁት። ዳገቱ ላይ ትንፋሽሽ አናቴን ያሞቀው ነበር፣ ቁልቁለቱ ላይ አገጭሽን ጸጉሬ ላይ ታሳርፊው ነበር። እጅግ አድርጌ አመሰግንሻለሁ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አፍ አውጥቼ ነግሬሽ አላውቅም፤ በእህትማማች መካከል ምስጋና ምን ያደርጋል እያልኩ ስተወው ኖሬያለሁ። ስላበላሽኝና ስላለበስሽኝ ብቻ አይደለም፤ የሙት ልጅ ስሆን አንድ ቀን እንኳ ዕቃ የሆንኩ እንዲመስለኝ አላደረግሽም። «ሸክም እሆንብሻለሁ» ትያለሽ፣ እኔስ ያኔ ላባ ነበርኩ? ያን ዳገት ስትወጪ አንድ ቀን «ከበድሽኝ» ብለሽኝ ታውቂያለሽ?

እንደተመለስን ሻጩን ጠርቼ «ትእዛዜን ልቀይር ነው» አልኩት።

«እናቴ፣ ያዘዘ ሰው ሁሉ ጥርጣሬ ይይዘዋል» አለኝ በፈገግታ። «ሻይ ልጋብዝዎት፣ ጠጥተው ሲጨርሱ ይለቅዎታል።»

ሻዩን ጠጣሁ። አልለቀቀኝም። «እህቴ ከኋላ አትሄድም። ጋቢና ነው የምትቀመጠው፣ ከጎኔ። እንዴት እንደምታደርጉት እናንተ ታውቃላችሁ» አልኩት።

ቴክኒሻኑ አንገቱን አከከ። ከዚያ ተቀምጠው ተመካከሩ፣ መኪናውን የሚያስተካክለው ጋራዥ ጋ ደወሉ፣ አንዴ ይቆማሉ አንዴ ይቀመጣሉ። መጨረሻ ላይ ሻጩ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። «ይቻላል» አለኝ። «የጋቢናውን ወንበር ከነእግሩ ይነቅሉታል፤ መወጣጫው በጎን በኩል ይሆንና ዊልቸሩ ራሱ በቦታው ገብቶ ይቆለፋል። ግን የምነግርዎት አለ። መኪናው ይዘገያል። ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ሊቀመጥ አይችልም። ነገ ልሽጠው ቢሉ ማን ይገዛዎታል? በደንብ ያስቡበት።»

«ልጄ፣ በልክ የተሰፋ ልብስ ለሌላ ሰው ሆኖ ያውቃል?» አልኩት።

 ያቃናሁለትን ክራቫት ነካ አድርጎ «እንግዲያው ጥሩ ሰፊ ጋ ነው የመጡት» አለኝና አዲሱን ትእዛዝ ጻፈ። ስንወጣ «ዊጉ አብሮ ይገባል እንዴ?» እያለ አሾፈብን። ማታ ደግሞ ራሱ ደውሎ «ጋራዡ እሺ ብሏል፣ እናቴ፣ ዛሬ በደንብ ይተኙ» አለኝ። የሰው ልጅ ደግ ሲሆን እንዴት ደስ ይላል! ተኛሁም። ካዘዝኩ ወዲህ በወጉ የተኛሁት ያን ጊዜ ነው።

ሥጋቱ ፈጽሞ ለቆኛል ብዬ አልዋሽሽም። መወጣጫውን የምዘረጋበት ቦታ ሰው ቢያቆምብኝ እያልኩ ከአሁኑ ከማላውቀው ሰው ጋር እጣላለሁ። መኪናው እስኪደርስም ልትናደጂብኝ፣ ልታኮርፊኝ ትችያለሽ። ይሁን፣ እችለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ፦ ያን የክፍል ወረቀት አትፈርሚ።

ጋራዡ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ትክክለኛ ልክሽን ይፈልጋል። በአሻንጉሊትና በዊግ አይሆንም፣ በአንቺ በራስሽ ነው። ስለዚህ ሜትሬን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ ጫፉ የተበላው ያው የድሮው ነው። ነርሷ ከዊልቸርሽ መቀመጫ እስከ አናትሽ ትለካሽ። አናትሽ ድረስ፣ ኮሌታሽ ላይ እንዳታቆም ንገሪያት። ልኩን ከላክሽልኝ መልስሽን አውቀዋለሁ፣ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

ባትልኪልኝም ወንበሩ ይነቀላል። አዝዣለሁ፣ ፈርሜያለሁ፣ ይህን አሥር ጊዜ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶውን ይሄዳል፤ ሰው ሲለምነኝ «ይቅርታ፣ የሚቀመጡበት የለም» እላለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሊቀመጥ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወንበርሽን ይዘሽ ነይ።

ብረቱ ላይ ከፊትሽ ያስቀመጥሻት፣
ታናሽሽ