በተሳቢው ግራና ቀኝ

ኦቴሎ፣ ሲያትል
እሑድ፣ ግንቦት 30 ቀን 2001 ዓ.ም. (ጁን 7፣ 2009)

ውድ ማኔ፣

እንዴት ከርመሻል? እጅሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ? አፀደና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሥራው እንደ ድሮው ነው፤ ከሲታክ አየር ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ሲታክ ሰውና ሻንጣ ማመላለስ።

ከኦቴሎ ኤቨረት በመኪና አንድ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ደብዳቤ ስጽፍ ጎረቤታችን መንግሥቴ አይቶ ሳቀብኝ። "ኮል አድርግላት እንጂ ሰውዬ! በደርግ ጊዜ ነው እንዴ ያለነው?" አለኝ። ኮል ሳደርግ ምን እንደሚሆን ግን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ድምፄ ከፍ ይላል፣ አንቺ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ላይ መጮኽ አይመችም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የራስሽን አፓርታማ እንዳገኘሽና የአንድ ዓመቱን ውል በጁን መጨረሻ እንደምትፈርሚ እህትሽ አፀደ ሳታስበው አመለጣትና ነገረችኝ። እንዳትቆጫት። አትፈርሚ ልልሽ አይደለም የምጽፈው፤ መብትሽ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ወሬውን ልንገርሽ። በጀልባው ተሳቢ ላይ የጎን ምሰሶ ተከልኩ። ሁለት ናቸው፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። ጀልባውን በገዛን ሰሞን የሌሎቹን ተሳቢ አይተሽ፣ "እኛም እንዲህ ያለ ነገር እናስገባበት፣ እኔ እኮ ምሰሶ አይደለሁም" ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ምርኩዝ አይዝም ብዬ ሳቅሁብሽ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ከተሳቢው የኋላ አግዳሚ ላይ የብረት ክንድ በዩ ቦልት፣ በዚያ ቆልመም ባለው ብሎን፣ ይታሰራል። በቆመው ብረት ላይ፣ ጀልባውን እንዳይፍቀው፣ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ይጠለቅበታል። ተሳቢው ወደ ውሃ ሲገባ ጎማውም ፓራፋንጎውም ይሰወርና ሁለቱ ነጭ ቱቦዎች ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ። ጀልባውን በመካከላቸው ማስገባት ነው። ነፋስ ወደ ጎን ቢገፋው ቱቦው ይመልሰዋል። አንቺ እስከ ጉልበትሽ ውሃ ውስጥ ቆመሽ በእጅሽ ትሠሪው የነበረውን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወረቀቱን እንዳታስቀምጪው። "ምሰሶ አቁሞ እኔን ተካኝ" እንደምትዪ አውቃለሁ። አልዋሽሽም፣ ስጀምረው ሐሳቤ እሱ ነበር። ያለ እሷም እችላለሁ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጀልባው ተሳቢው ላይ እንዳለ ቱቦዎቹን ከጎኑ ጋር አጣብቄ አሰርኳቸው። ጥፍር የማያስገባ ሥራ! ኮራሁበት። ይዤው ወደ ሬኒየር ቢች ጀልባ ማውረጃ ወረድኩ። ስመልሰው ጀልባው ግማሽ መንገድ ገብቶ ተቀረቀረ። ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ከፍ ስለሚል ሰፊው ጎኑ በቱቦዎቹ መካከል አላልፍ አለ። ብገፋው አይገባም፣ ብስበው አይወጣም። ከኋላዬ አራት መኪና ወረፋ ይዟል። ደሜ ፈላ፤ እንደ ልማዴ የምጮኽበት ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ።

ማንም አልነበረም፣ ማኔ። የሠራሁትም የነዳሁትም ያሰርኩትም እኔው ነኝ። ቀይ ኮፍያ የሚያደርገው ሽማግሌ ፈረንጅ ትዝ ይልሻል? ባለፈው ነሐሴ በተጣላን ዕለትም ከወረፋው ውስጥ ነበር። እሱ መጥቶ ገፋልኝ። ሲጨርስ፣ "ባለፈው ዓመት አብራህ የነበረችው ሴትዮ ደህና ናት?" አለኝ። "ደህና ናት፣ ኤቨረት ነው ያለችው" አልኩት።

በማግስቱ መንግሥቴ መጥቶ አየውና፣ "ወንድሜ፣ ይሄማ ማሰር ነው እንጂ መምራት አይደለም! ሶ፣ ሁለት ሁለት ጣት ተውለት፤ ይተንፍስበት" አለኝ። ዳዶዎቹን ፈትተን በግራም በቀኝም ሁለት ጣት ተውን። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ስለ ዳዶ አይደለም።

ያን የነሐሴ ዕለት ሙቀት ስለነበረ ኤሲ ከፍቼ የመኪናውን መስኮት ዘግቼዋለሁ። ተሳቢውን ወደ ኋላ ስነዳ አንቺ የጀልባውን ገመድ ይዘሽ "ግራ! ግራ!" ትዪ ነበር። ድምፅሽ አልደረሰኝም፤ አፍሽ ሲንቀሳቀስ ግን በስፖኪዮ አይቼሻለሁ። መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ሁለት ሰከንድ ነው። የማውቀው ሥራ ነው ብዬ ወደ ቀኝ ያዝኩና ጀልባውን ከፓራፋንጎው ጋር አላተምኩት። ከዚያ ወርጄ ያልኩሽን ቃል እዚህ አልደግመውም። የተሰለፉት ሰዎች አማርኛ ባይሰሙም ምን እንዳልኩሽ አልጠፋቸውም።

ገመዱን የለቀቅሽው ያኔ ነው፤ ከሰደብኩሽ በኋላ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ሊያስታርቁን ሲመጡ ግን፣ "መጀመሪያ እሷ ገመዱን ለቀቀች፣ ጀልባው ተጋጨ፣ ከዚያ ተናደድኩ" ብዬ ነገርኳቸው። አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ ሰማሽኝ። በሳምንቱ ልብስሽን ይዘሽ ሄድሽ። አሥር ወር ሙሉ፣ የሄድሽው ስለ ስድቡ ነው ስል ኖርኩ። ስለ ስድቡ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴን ፓርኪንጉ ላይ አቁሜ፣ "የዚያን ጊዜ ነገሩን አዛብቼ ነው የነገርኩዎት" አልኳቸው።

"አዛብቼ? ዋሽቼዎታለሁ በለኛ!" አሉኝ።

"ዋሽቼዎታለሁ።"

በመነጽራቸው ላይ ሽቅብ አዩኝ። "እኔማ የአንተን ቃል ይዤ ያችን ልጅ ይቅርታ ጠይቂ አልኳት። በል፣ ለእኔ መንገርህ ለእሷ ምን ይፈይድላታል? ጻፍላት። እኔም ራሴ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።" እንደሚደውሉልሽ ዕወቂ። ስልክሽን አንሺላቸው፣ አዛውንት ናቸው።

አሁን ስለ ትናንቱ ቅዳሜ ልንገርሽ። ነፋሱ ከደቡብ ነበር፣ ያው አንቺ የምትጠዪው ነፋስ። ጀልባውን ከመቆሚያው ፈትቼ ገመዱን እየሳብኩ በእግሬ ተከተልኩት። ወደ ግራ ሲያዘነብል ቱቦው ነካ አደረገውና ቀና አለ። ቀጥ ብሎ ገባ፣ በመጀመሪያው ሙከራ። ጫማዬ አልረጠበም። ባለቀይ ኮፍያው አጨበጨበልኝ። ሥራው ጥሩ ነው ማኔ፤ አፌን ሞልቼ የምናገረው ነው። ማንም ሰው ከእንግዲህ እዚያ ውሃ ውስጥ መቆም የለበትም።

አንድ ነገር ግን ለመንግሥቴም አልነገርኩትም። ተሳቢውን ወደ ኋላ ስነዳ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌው ነበር። ካፊያው ክንዴን እያረጠበው፣ ሁለቱ ነጭ ቱቦዎች በስፖኪዮው ውስጥ ቁልጭ ብለው እየታዩኝ፣ የሚያስፈልገኝ ነገር ሁሉ ፊቴ እያለ፣ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ሲያደርግ ነው የነዳሁት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ጁን 20፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት እዚያው ጀልባ ማውረጃው ላይ እሆናለሁ። ከመጣሽ የምትሠሪው ሥራ የለም፤ ገብተሽ ትቀመጫለሽ። የጎማ ቦት ጫማሽ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ አሸዋውን አጥቤ አድርቄዋለሁ፤ ግን አያስፈልግሽም። ካልመጣሽም የጻፍኩት አይለወጥም፤ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴም ያወቁትን ያውቃሉ።

ነገ የሰኔ ጾም ይገባል። እግዚአብሔር በጤና ያስጾምሽ፤ እጅሽን ከሥራ ቦታሽ ማሽን፣ በሀይዌዩ ላይ ስትመላለሺም ከክፉ ይሰውርሽ። የአፀደን ልጆች ሳሚልኝ።

ይርጉ

የረሳሁት፦ ዳዶዎቹ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው ይላል መመሪያው። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አጠብቃቸዋለሁ። ሁለት ጣቱን ግን አልነካም።