ኮናትሱ «በቃኝ» ያለች ቀን

ኑማታ፣ እሑድ ጁላይ 6

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ቶማኮማይ በሞቃቱ ወራትም ጠዋት ጠዋት ጉም እንደሚውጣት ነግረኸኛል፤ ወደ ወረቀት ፋብሪካው ስትወጣ ትደርባለህ? እዚህ ዝናቡ አንድ ቀን ፋታ ሰጥቶ ሁለት ቀን ይዘንባል። እማዬ ደህና ናት። ዘንድሮ ዱባ ተክላለች፤ ሐረጉ የጎረቤት አጥር ላይ እየወጣ ይቅርታ ለመጠየቅ ስትመላለስ ከሴትዮዋ ጋር ወዳጅ ሆናለች።

የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን። በወረቀት ይሻለኛል።

በኤፕሪል በስፖርት መምህርነት ስቀጠር የሴቶቹን የሶፍትቦል ቡድን እንደሰጡኝ ታውቃለህ። አሥራ አራት ልጆች ናቸው፤ ትልቋ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁት ደብተር የጉልበት አቀማመጥና የእርምጃ ርዝመት በሥዕል የሞላ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እርምጃ ሳስቆጥራቸው ሁሉም እግራቸውን ሲያዩ ኳሱ በመሃላቸው አለፈ። አምበላቸው ሪሆ፣ «ቲቸር፣ እኛ ስድስቱን እርምጃ ጨርሰናል፤ ኳሱ ነው ያልጠበቀን» አለችኝ። ደብተሩን ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ የማስተምራቸው አንተ በቶኔ ወንዝ ዳር ያስተማርከኝን ነው። መሬት ለመሬት የሚመጣን ኳስ ቆመው አይጠብቁትም፣ ይሄዱበታል። ዝቅ ብለው፣ ሲቀርቡ እርምጃቸውን አሳጥረው፣ ጓንታቸውን ከፍተው መሬት አስነክተው። ከታች ወደ ላይ የሚነሳ እጅ ይደርሳል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ይዘገያል። ኳሱ የሚያዘው ወይ ገና ከመሬት ሲነሳ ነው፣ ወይ ነጥሮ ጫፍ ሲደርስ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፉ ነው፤ ወደ ደረት ይምጣ ወደ ፊት አይታወቅም። ወደ ኋላ የምታፈገፍግ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ የሚደርሳት ያ ክፉው ነው።

ልማዱን ታውቀዋለህ። አሠልጣኙ ኳሱን በዱላ ይመታል፣ ልጅቷ በጓንቷ ትይዛለች፤ ከሳተች ከቦታዋ ሳትነቃነቅ «አንድ ይድገሙኝ» ብላ ትጮኻለች። ከቡድናችን ትልቁ ድምፅ የኮናትሱ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዎቿ ከኮፍያዋ ሥር ወጣ ወጣ ያሉ፣ ቀጭን ልጅ ናት። የምትቆመው ብዙ ኳስ በሚመጣበት፣ ሯጮች በሚረግጧቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ማረፊያ መካከል ነው። ጩኸቷ እስከ መምህራን ክፍል ይሰማል። «የኮናትሱን ወኔ እዩ» እያልኩ ለሌሎቹ ምሳሌ አደረግኳት። አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር። ኳሱ ሲመጣ ቀኝ እግሯ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊቷም ይዞራል። ይህን እያየሁ ድምፅዋን አመንኩ።

የዛሬ አሥር ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዝናቡ ሲያባራ ሜዳ ወጣን። ላዩ ደርቆ፣ የማክሰኞ የጫማ ዱካ እንደ ሸክላ ጠንክሮ ነበር። መጀመሪያ መደልደያውን ጎትተን ማስተካከል ነበረብን፤ ሰዓት ይሄድብናል ብዬ ተውኩት። ለኮናትሱ የመታሁት ኳስ አንዱን ዱካ ነክቶ ተስፈነጠረና አፏን መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። በጉልበቷ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደሙን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ከዚያ «አንድ ይድገሙኝ» አለች።

አባዬ፣ ደገምኩላት።

ቀስ አድርጌ ነው የመታሁት፤ ግን መታሁ። ዓይኗን ጨፍና ቆመች፣ ኳሱ በእግሮቿ መካከል አለፈ። ልጆቹ ለጀግንነቷ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ጠበቀኝ። ኮናትሱ ከቡድኑ የምትለቅበት ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ «የግል ጉዳይ» ተብሏል፣ በፊርማ ቦታ የእናቷ ማኅተም አርፎበታል፤ የቀረው የእኔ ነው። እስከ ዓርብ አትሜ ለጽሕፈት ቤቱ መስጠት አለብኝ። ኮናትሱን ወደ ቤቷ ልትሄድ ጫማ ስትቀይር አገኘኋት።

«ከንፈርሽ እንዴት ነው?»

«ድኗል። ጎምዛዛ ነገር ብቻ ነው የማልበላው።»

«ኳሱ ያስፈራሻል?»

የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና አሰረች። «ከአምና ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ድገሙኝ ትያለሽ?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። «ዝም ካልኩ ያስታውቅብኛላ። የሚጮህን ሰው ማን ፈሪ ይለዋል?» ቦርሳዋን አነሳች። «ደግሞ እርስዎም ደስ ይልዎታል።»

ያን ቀን ለመምህርነት የተሠራሁ እንዳልሆንኩ ወስኜ ነበር። ከልጅቷ ወረቀት ቀጥሎ የራሴን ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ችኩል መሆኔን ታውቀዋለህ። ግን ልጽፍ ስቀመጥ፣ እኔ ሄድኩ ማለት ኮናትሱ ጥፋቱ የእሷ መስሏት ያን ያልያዘችውን ኳስ ዕድሜ ልኳን ይዛው ትኖራለች ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ማክሰኞ ልጆቹን ሰብስቤ፣ «በዚህ ሳምንት ዱላም ጩኸትም የለም። ኳሱን በእጄ ነው የማንከባልላችሁ። የበቃት ልጅ በቃኝ ትላለች፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም» አልኳቸው።

«ሁለት ይዤ በቃኝ ብልስ?» አለች ሪሆ።

«ሁለት ነዋ።»

«ሩጫውንም በቃኝ ማለት ይቻላል?»

«እሱን አይቻልም።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ልጆቹን ወደ ቤት ሰደድሻቸው እንዴ? ሜዳው ዝም አለብኝ» አሉ። ነገሩን ሳስረዳቸው፣ «ዝም ያለ ቡድን ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። እኔም አላየሁም፤ እንደዚያው አልኳቸው።

ኮናትሱ ሐሙስ መጣች። ጓንቱ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ልትመልስ ነው። በዩኒፎርም ቀሚሷ አጥሩ ሥር ቆማ ለሪሆ ሳንከባልል አየች። አልጠራኋትም። ሪሆ ስድስት ይዛ፣ «በቃኝ፣ ወገቤን» አለች፤ ማንም አልሳቀባትም። ያኔ ኮናትሱ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

አራት እርምጃ ያህል ርቄ ተንበርክኬ አንከባለልኩላት። የመጀመሪያውን እንደ ልማዷ ሸሸችው።

«ወደ እኔ ነይ» አልኳት። «ርቀሽ ስትጠብቂው አምስት ጊዜ ይነጥርብሻል። ስትሄጂበት አንዴ ነው።»

በሁለተኛው ቆመች። በሦስተኛው መጣች። ቀሚሷ ጭቃ ነካ፣ ጓንቷ መሬት ነካ፣ ያ ቀኝ እግር ወደ ፊት ወጣ። ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ እየራቅኩ ጠንከር አድርጌ አንከባለልኩ። አሥራ ሁለተኛውን ይዛ ቀና አለች፤ ያ እስከ መምህራን ክፍል የሚሰማው ድምፅ ለእኔ እንኳ በጭንቅ እየተሰማ፣ «በቃኝ» አለች። ሪሆ የገብስ ሻይ ቀዳችላት። እኔ ኳስ የምለቅም መስዬ ዞር አልኩ።

በማግስቱ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ቲቸር፣ ወረቀቱ ላይ አተሙበት?»

«አላተምኩም።»

«እንግዲያው መሳቢያዎ ውስጥ ይቆይ። ግን አይቅደዱት። መኖሩን ካወቅሁ መምጣት እችላለሁ።»

እዚያው አለ። ትናንት ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተጫወትን። አራት ኳስ መጣባት፣ ሦስቱን ያዘች። አንዱን ስትስት አልጮኸችም፤ ለቀጣዩ ዝቅ አለች። ሰባት ለሁለት ተሸነፍን። ምክትሉ አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር ዝምታችንንም ሽንፈታችንንም አይተዋል።

አሁን የእኔና የአንተ ጉዳይ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የመታኸው ኳስ ጠጠር ነክቶ የፊት ጥርሴን ሲያወልቀው በአንድ እጅህ መኪናውን እየነዳህ፣ በሌላው ፎጣውን አፌ ላይ ይዘህ ሐኪም ቤት አደረስከኝ። ከዚያ እሑድ በኋላ ዱላውን አንስተህ አታውቅም። እኔ ደግሞ ስለማልረባ የተውከኝ መስሎኝ ዓመታት አሳለፍኩ። አሁን ዱላውን ስለያዝኩት ምን ያህል እንደከበደህ አውቄዋለሁ። አንተ የማታውቀውን ልንገርህ፦ ኳሱ ከዚያ በፊትም ያስፈራኝ ነበር። አንድ ድገመኝ የምልህ ካቆምን ወደ ቤት ስለምንሄድ ነው። ካንተ ጋር የምሆነው እሑድን ብቻ ነበር። ፈራሁ ብልህ ኖሮ በእጅህ ታንከባልልልኝ ነበር። አንተም አልጠየቅክም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ለሥራ ብቻህን ከሄድክ አራት ዓመት ሆኖሃል። በየማርቹ ስትደውል፣ «አንድ ዓመት ብቻ ጨመሩብኝ» ትላለህ፤ ስትናገረው ድምፅህ ብሩህ ነው። እማዬም ብሩህ ሆና ትሰማሃለች። ባለፈው ሳምንት የበረዶ ጫማህን ጠቅልላ ልካልሃለች፤ ደርሶህ ይሆናል። የበረዶ ጫማ በጁላይ ለምን እንደሚላክ አልጠየቅኳትም።

በኦገስት ለሙታን መታሰቢያው በዓል አራት ቀን እረፍት አለኝ። ትመጣለህ ወይ አልልህም፤ ከኦአራይ የሚነሳውን መርከብ ትኬት ቆርጫለሁ፣ የምመጣው እኔ ነኝ። ወደብ ላይ ስታገኘኝ ደህና ነኝ ማለት የለብህም። ወደዚህ ቤት መመለሱ በቅቶህ እንደሆነም ንገረኝ፤ ለምን አልልህም፣ ቆሜ እሰማሃለሁ። ጓንቴን ይዤ እመጣለሁ። ዱላ አትፈልግ፤ ለስላሳ ሣር ያለበት ቦታ ብቻ አይተህ ጠብቀኝ፣ በእጅህ ታንከባልልልኛለህ።

እስከዚያው ጉሙ ይግለጥልህ፣ የምትሠራበት እጅ አይድከምብህ፣ ደግ ጎረቤት አይጥፋብህ።

የምትወድህ ልጅህ፣
ሺዎሪ