በማስመሪያ ለተመረጠው ፓወር ሰፕላይ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የግዥና ንብረት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዓይንዎም ከእኛ ከተራዎቹ ይልቅ አጥርቶ የሚያይ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ የወርክሾፑ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ቢሮዎ አስገብቼ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባልኩ፣ አራተኛውን ሁሉም እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1ኛ. ብረት እያሽከረከሩ ከሚቀርጹት ቶርኖ ማሽኖች በላይ የተሰቀሉት ስምንት የኤል ኢ ዲ መብራቶች በጠፉ ጊዜ ፈትቼ መርምሬ፣ መብራቶቹ ራሳቸው ጤነኛ መሆናቸውን፣ የተበላሸው ለእያንዳንዳቸው ኤሌክትሪኩን መጥኖ የሚሰጣቸው ፓወር ሰፕላይ ብቻ መሆኑን አሳውቄ ነበር። የሚገዛው ስንት ቮልትና ስንት አምፔር ማውጣት እንዳለበት፣ ብርሃኑም የማይርገበገብ እንዲሆን ዘርዝሬ፣ አሮጌውን ለናሙና አያይዤ ላክሁ። የተከበረው ኮሚቴዎ ግን በጽሑፉ ዓይኑን ሳያደክም ናሙናውን በማስመሪያ ለካው። ርዝመቱ፣ ቀለሙ፣ የብሎን ቀዳዳው ሳይቀር ልክክ ያለ ዕቃ ስለመረጣችሁልን፣ እርስዎም «የማይርገበገብ» ከሚለው ቃሌ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ቅንጦት» ብለው ስላረሙኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ዕቃው ተገጠመ፤ በራም። በስልኬ ካሜራ ሳየው ግን ብርሃኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ይሮጡ ነበር። ይህን ላሳይዎ ብመጣ፣ የሰው ዓይን ያላየውን ካሜራ እንደማያይ አስተምረው መለሱኝ። ይህ ብርሃን በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል። ብረቱን ነክሶ የሚያሽከረክረው ባለ ሦስት ጥርስ የማሽኑ ራስ በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜ ሲዞር፣ አንዱ ጥርስ በሌላው ቦታ በተተካ ቁጥር መብራቱ ቦግ ይላል። ስለዚህ የሚዞረው ብረት የቆመ ይመስላል። ያልኩት ይህንኑ ነበር።

3ኛ. ያለፈው ማክሰኞ ሰማዩ ደመና ስለነበር የምንሠራው በእርስዎ መብራት ብቻ ነበር። ልክ ከመጠበቁ ብዛት ጋሼ ሚሊሜትር የምንለው፣ ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆመ ባለሙያ፣ ማሽኑን ያጠፋ መስሎት ጨርቅ ይዞ ሊወለውል እጁን ሰደደ። ሌሎች አምስት ማሽኖች ይጮሁ ስለነበር ጆሮው አልረዳውም። ማሽኑ ጨርቁን ነጥቆ ሁለት ጣቶቹን ሰባበራቸው። ደግፈን ስናወጣው «ቆሞ ነበር እኮ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

ፓወር ሰፕላዮቹን በዚያው ቀን ነቅዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ለዚህም «ሥራ በማስተጓጎል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማግስቱ ደረሰኝ፤ ጋሼን ሐኪም ቤት ሄደው ከመጠየቅዎ በፊት ለእኔ ጊዜ ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት መልሼ እንድገጥማቸውም አዘዋል።

4ኛ. በጋሼ ማሽን ነገ የምትተካው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ ይህን ደብዳቤ ያለ ወገንተኝነት ጻፍኩ ብዬ አልዋሽዎትም። እፈራለሁ። እሷማ እንጀራዬን በገዛ እጄ እንዳልዘጋ፣ እንድተወው ትለምነኛለች። የሚርገበገበውን አውጥቶ፣ ጽሑፉ ተነቦ የተገዛ እስኪመጣ ድረስ ማሽኖቹን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ግማሽ ቀን እንኳን አይፈጅም ነበር።

ምናልባት እስከ ነገ ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ሆኖም እስከዚያው በፍጹም ትሕትና የእርስዎ ታዛዥ የሆንኩት፣
የወርክሾፑ ኤሌክትሪሺያን

ማሳሰቢያ፦ ትዕዛዝዎን ጣሰ እንዳይባል፣ ነገ በሰዓቱ የአንዱን መብራት ፓወር ሰፕላይ ብቻ ገጥሜ እጠብቅዎታለሁ። ከሥሩ ሁለት ማሽኖች አሉ፤ አንዱ ጠፍቶ ይቆማል፣ ሌላው ይዞራል። በዓይንዎ አይተው የቆመውን ይምረጡልንና በሚፈርሙበት እጅዎ ይንኩልን። እህቴ ሥራ የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።