ጋሻው እስኪቀል፤ የአቶ መገርሳ ጂራታ የሕይወት ታሪክ

1949 – 2017 ዓ.ም.

ወገኖቻችን፣ ከሥራችሁ ቀርታችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ሁሉ፣ እግራችሁ ይባረክ። ፀሐዩ ስለበረታ እናቶች ወደ ጥላው ጠጋ በሉ፤ ንባቡ ትንሽ ይረዝማል። የሰውየው ነገር ስለሚረዝም ነው።

አቶ መገርሳ ጂራታ ከአባታቸው ከአቶ ጂራታ ገዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይቱ ሮሪሳ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት፣ ያን ጊዜ ግን ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት በነበረው ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ባለው መንደር፣ በሰኔ ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው “ዝናቡ በጀመረ ማግስት” ይሉ ነበር እንጂ የጻፈው ሰው የለም።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ፊደል ከየኔታ ዘንድ ቆጥረው፣ ከዚያም አቃቂ ከተማ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። እንዲህ ባለ ቀን ስለ ማንም “ጎበዝ ተማሪ ነበሩ” ተብሎ ይነበባል። እሳቸው ግን ውሸት ስለማይወዱ እንዳለው እናንብበው፤ መካከለኛ ነበሩ። ጉብዝናቸው በእጃቸው ነበር። የተሰበረ ነገር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ይህ ጠባይ ወደፊት ስንት ሰው እንዳስመረረ ትሰማላችሁ።

በ1966 ዓ.ም. አቃቂ ከሚገኝ አንድ የብረት ፋብሪካ በብየዳ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በዚያም የባቡር ሠራተኛ ልጅ ከሆነው ከጎረቤታቸው ከበዛብህ ጋር አንድ ክፍል ተመደቡ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ነጥሎ ያየ የለም። ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታረቃሉ። በዛብህ ቀልደኛ ነበር። አቶ መገርሳ ደግሞ ቀልድ የሚገባቸው በማግስቱ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ሁለቱም ጥሪው ደርሷቸው ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘመቱ። አንድ ቀን ገላጣ ሜዳ ላይ ተኩስ ያዛቸው። ከሥሩ አለት ስለሆነ ምሽግ አልቆፈር አለ። አቶ መገርሳ የሚቆፍሩበትን አካፋ ከራሳቸው ፊት አጋድመው ተክለው ተኙ። አንዲት ጥይት መጥታ አካፋዋን መታችና፣ አካፋዋ በማጋደሏ ብቻ፣ ሸርተት ብላ ወደ ሰማይ ሄደች። በዛብህ ይህን አይቶ ከጎናቸው፣ “አንተ ገብጋባ፣ አካፋህን ትንሽ ወዲህ ጠጋ አድርጋት እንጂ!” ብሎ ቀለደ። ጠጋ ሊያደርጉለት እጃቸውን ሲዘረጉ ሌላ ጥይት ቀድማ በዛብህን አገኘችው። ያ ቀልድ በማግስቱም አልገባቸውም።

አካፋ ለአንድ ራስ እንጂ ለሁለት እንደማይበቃ ስንት ጊዜ ነገርናቸው! ካህኑም ነገሯቸው። የበዛብህ እናት ራሳቸው ጉንጫቸውን ይዘው “ልጄ፣ አንተ ምን አደረግህ?” አሏቸው። እሳቸው ግን አንድ ነገር ያዙ፤ ወታደር ተሸክሞት የሚሮጠው፣ ሲተኛ ከፊቱ የሚያቆመው፣ ጥይት የማይበሳው ጋሻ መሥራት አለብኝ አሉ። ሰው በሐዘን ጊዜ ብዙ ነገር ይላል፤ በዓመቱ ይተወዋል ብለን ነበር። የመገርሳን ነገር አላወቅንም።

በ1975 ዓ.ም. ከጦሩ ተሰናብተው ወደ ፋብሪካቸው ተመለሱ። በ1977 ዓ.ም. የበዛብህን እህት ወይዘሮ ብዙወርቅን በተክሊል አገቡ። ለሽምግልና የመጡት አባቶች “ልጁ ምን አለው?” ሲባሉ “ሥራ አለው፣ ጠባይ አለው፣ አንድ አካፋም አለው” ብለው ቤቱን አስቀውት ነበር። ያን ቀን ከመጋረጃ ጀርባ የሳቁት ሙሽራ፣ ኋላ የተማረሩት በዚያው አካፋ ምክንያት ነው።

ቀጭን ላሜራ ጥይት ይበሳዋል። ወፍራሙን ሰው አይሸከመውም። ስለዚህ አቶ መገርሳ የጭነት መኪና ባሌስትራ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ከጎማው በላይ ተደራርቦ የሚታየውን ጠንካራ ብረት ማለታችን ነው። እሱም ሲበየድ በብየዳው መስመር ላይ ይለሰልሳል። ይህ ሲገባቸው መበየዱን ትተው እንደ ዓሣ ቅርፊት እያደራረቡ በብሎን ያስሩት ጀመር። ይህ እስኪገባቸው ድረስ ስንት ዓመት እንደሄደ ወይዘሮ ብዙወርቅን ጠይቁ። ሳሎኑ ባሌስትራ፣ ጓሮው ባሌስትራ፣ ከአልጋው ሥር ባሌስትራ። ቁርጭምጭሚቱን ሳይመታ ቁጭ ያለ እንግዳ አልነበረም።

“መገርሳ፣ የምንኖረው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ከባድ መኪና ሥር?”

“ትንሽ ታገሺኝ ብዙዬ፣ አሁን ልቀንሰው ነው።”

ሁልጊዜ ሊቀንሱት ነበር።

የተጣሉትን ጋሻዎች ባለቤታቸው አላባከኗቸውም። አንዱ የዶሮ ቤት በር ሆነ፣ አንዱ የፍሳሽ መክደኛ። አንድ ክረምት አቃቂ ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩ ላይ ሲመጣ ደግሞ፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ ጋሻዎቹን በግቢው በር ላይ ደርድረው ከጎረቤት ጋር ጭቃ መረጉባቸውና ውኃው ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ ሊያመሰግን ሲመጣ አቶ መገርሳ ተቆጡ። “ለጎርፍ አይደለም የሠራሁት!” አሉ። እንዲህ ነበሩ።

ትልቁ ጣጣ ግን ሙከራው ነበር። ጋሻው ጥይት ይመልስ አይመልስ እንዲታወቅ ሰው መተኮስ አለበት። በዚህ ከተማ ማን ይተኩስ? አንድ ቀን ጋሻቸውን በጋሪ ጭነው፣ ጋሪዋ በአንድ ጎን አዘንብላ፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ሄዱ። ከፈረቃ ወጥቶ ሻይ የሚጠጣ ዘብ አገኙና “አንድ ጊዜ ብቻ ተኩስበት” ብለው ለመኑት።

“ጋሼ፣ ሌላው ሰው አትተኩስብኝ ይለናል፤ እርስዎ ተኩስ ይላሉ። ጤና ነዎት?”

“በእኔ አይደለም፣ በጋሻው ላይ ነው።”

“ጋሻውን ማን ይዞት ይቆማል?”

“እኔ ነኛ!”

ዘቡ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። የዚያን ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ዋስ የሆናቸው የባለቤታቸውና የበዛብህ ታላቅ ወንድም ነው። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባና ልጆቹ “ጋሼ ጋሻ” ብለው ስም አወጡላቸው። እስከ ዛሬ አቃቂ ላይ “አቶ መገርሳ” ብሎ ቤታቸውን የጠየቀ አያገኘውም። “ጋሼ ጋሻ” ያለ ግን በር ድረስ ይሸኛል።

በ1996 ዓ.ም. “በመንግሥት በኩል ይሁን፣ ማመልከቻ ያስገቡ” ተባሉ። ከአንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ “ጉዳዩን ምን ልበለው?” ሲላቸው “ጋሻ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ በለው” አሉት። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ከርእሱ በታች አላነበበችም። ጋሻ የሚለውን አይታ ለመሬት ክፍል መራችው። አንድ ጋሻ መሬት፣ አርባ ሄክታር የሚጠይቅ ሰውዬ መጣ ተባለና አቶ መገርሳ ተጠሩ።

“አባቴ፣ ጋሻ ድሮ ቀረ። አሁን በካሬ ነው” አላቸው የክፍሉ ኃላፊ።

“እኔ የምፈልገው የሚሸከሙትን ነው።”

“መሬቱን ተሸክመው የት ሊያደርሱት ነው?”

“ጦር ሜዳ።”

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። “የአያትዎ ርስት ነበር?” አለ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ።

እዚህ ላይ አቶ መገርሳ ቱግ አሉ። የአያታቸው ርስት በእርግጥም ነበር። ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ ስለ እሱ ማንንም ጠይቀው አያውቁም። አንድ የማይጠይቁትን ነገር ጠየቁ ተባሉ።

ከዚያ ወዲያ በስማቸው የመሬት ፋይል ተከፈተ። በእኛ አገር የተከፈተ ፋይል አይዘጋም። ሌላ ቦታ ሲያመለክቱ “የመሬት ጥያቄዎ መጀመሪያ ይለቅ” ይሏቸዋል። ከዓመታት በኋላ የሊዝ አዋጅ ተጠቅሶ “ጥያቄዎ ተቀባይነት የለውም” የሚል ማኅተም ያለበት መልስ መጣላቸው። ቃሉን ለውጠው ብለን ለመንናቸው። ልጃቸው ኤባ “አባዬ፣ ሺልድ በለውና እንገላገል” አላቸው። “ጋሻ ጋሻ ነው! ለመሬት ያዋስነው ስም ነው፤ ባለቤቱ ይሄ ነው” ብለው ብረታቸውን በቡጢ መቱ። በዚያች አንድ ቃል ሙጭጭ ብለው ስንት ዓመት እንዳለፈ ስናስበው ዛሬም ያናድደናል። እንደዚህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

በመጨረሻ ቱሉ ዲምቱ የምትኖረው፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነችው ልጃቸው ፌኔት፣ አባቷን ሳታስፈቅድ “ጉዳዩ፦ የጥይት መከላከያ” ብላ ጽፋ አስገባች። መዝገብ ቤት አሁንም ከርእሱ በታች ያነበበ የለም። መከላከያ የሚለውን አይተው ቀጥታ ለመከላከያ መሩት። ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። አቶ መገርሳ ደስ ሊላቸው ሲገባ ልጃቸውን አኮረፉ።

በ2010 ዓ.ም. ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ተጠሩ። የመቶ አለቃ ሙሉአለም የተባሉ ጨዋ መኮንን ተቀበሏቸው። ጋሻው ተተክሎ ተተኮሰበት፤ አልተበሳም። ቀረብ ብለው ደገሙት፤ አልተበሳም። አቶ መገርሳ ጆሯቸውን ደፍነው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ቆመው አዩ። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ወታደር ተሸክሞት እንዲሮጥ ታዘዘ። ሜዳውን ሳያጋምስ ጋሻውን መሬት ላይ አስተኝቶ ቁጭ አለበት።

“አባባ” አሉ የመቶ አለቃው፣ “ጋሻዎ ጥይቱን መልሶታል። ልጁን ግን ገድሎታል። አቅልለውት ይምጡ።”

እውነታቸውን ነው፤ ማንንም አንወቅስም። አቶ መገርሳ ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ብዙወርቅ በር ላይ ይጠብቁ ነበር።

“ምን አሉህ?”

“ከበደ አሉ።”

“እኔ ፌኔትን ካረገዝኩ ጀምሮ ከበደ ስልህ አልነበረም?”

ከዚያ ወዲያ በጡረታ ዘመናቸው ሥራቸው ማቅለል ብቻ ሆነ። መላ ሰውነት ይሸፍን የነበረው ጋሻ ለደረት ሆነ፤ ከደረት ለትከሻ። በ2016 ዓ.ም. ለራስና ለትከሻ ብቻ የሚበቃ፣ ረጅም መያዣ ያለው፣ አጋድመው ሲተክሉት ጥይት የሚያንሸራትት፣ ሲያስፈልግም አፈር የሚዛቅበት አንድ ነገር ይዘው ወደ ሳሎን ገቡ። ወይዘሮ ብዙወርቅ አገላብጠው አዩት።

“መገርሳ፣ ይሄ እኮ አካፋ ነው።”

አቶ መገርሳም ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። “ነው እንዴ?” አሉ። ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሕይወታቸው ቀልድ በዕለቱ የገባቸው ያን ቀን ነው። “ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ይደርሰዋል” አሉ ሳቃቸው ሲበርድ፤ “ከእንግዲህ ማንም ማንንም ጠጋ አድርግልኝ አይልም።”

ለሌላው ራስ ጋሻ ሲሠሩ የኖሩት ሰው ለራሳቸው ፊት የብየዳ ጭንብል እምቢ ይሉ ነበር። “ያፍነኛል” ይላሉ። ሐኪም ሳንባቸው በጭስ እንደተጎዳ የነገራቸው ሲዘገይ ነው። መድኃኒቱን “ነገ” ይላሉ፤ ሞረዳቸውን ይዘው ወደ ብየዳ ቤታቸው ይሾልካሉ። ስንቆጣቸው ኖርን። ባለፈው ጥቅምት ሁለተኛው ሙከራ ሲደርስ እሳቸው ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ስለነበር አካፋውን ይዞ የሄደው ኤባ ነው። ሲመለስ ቤተሰቡ ሁሉ አልጋውን ከቦ ነበር። አቶ መገርሳ ተበሳ አልተበሳም ብለው አልጠየቁም።

“ሮጠ?” አሉ።

“ሮጠ፣ አባዬ።”

“አልተቀመጠበትም?”

“ወታደሩ ዳር ደርሶ ተመለሰ። ‘ለእኔ ይቅር’ ብሎ እምቢ ስላለ ለምኜ ነው የተቀበልኩት።”

ወይዘሮ ብዙወርቅ “ጥይቱስ?” አሉ። ኤባ አካፋው ላይ ያለውን ጭረት አሳያቸው። ወደ ላይ ሸርተት ያለ አንድ ጭረት ነው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ የወንድማቸውን ስም ግን አልጠሩም። አካፋውን ከባለቤታቸው አልጋ አጠገብ አቆሙት። በዚያ ቤት ብረት ከአልጋ አጠገብ እንዲቀመጥ ራሳቸው ሲፈቅዱ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከሚመለከተው ክፍል “ውጤቱ በጽሑፍ ይገለጽልዎታል” ተብሏል። እስካሁን አልመጣም። ቢመጣም በመሬት ክፍል በኩል ዞሮ ሳይሆን አይቀርም።

አቶ መገርሳ ጂራታ ሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በስልሳ ስምንተኛ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብዙወርቅን፣ ልጆቻቸውን ፌኔትን፣ ኤባንና ሩትን፣ የልጅ ልጃቸውን ሚራክልን፣ የሚወዳቸውንና የተማረረባቸውን መላውን የአቃቂ ሰው ትተው ሄደዋል። የምንለያይ ሰዎች አልነበርንም፤ ያም ሁሉ ንዴት ከፍቅር ነበር።

አሁን፣ የእድራችን ልጆች፣ አንድ አደራ አለባችሁ። ወይዘሮ ብዙወርቅ እንዳዘዙት የዛሬው አፈር የሚመለሰው በዚያ ባለ ጭረቱ አካፋ ነው። ተራ በተራ ተቀባበሉት። ስትይዙት ይቀላችኋል፤ እንዲቀልላችሁ ስንት እንደተለፋበት ሰምታችኋል።

መሐሪው እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወዳጃቸው ከበዛብህ ጎን ጠጋ አድርጎ ያሳርፍልን። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሸክም ሲያቀሉ ለኖሩት ለአቶ መገርሳ፣ አፈሩም ይቅለላቸው።

አሜን።